የሌለችው ጣት

ዌስት ቨርጂኒያ፣ ስፓይስ ፎርክ፣ መንገዱ ከቀጠነ፣
አርሊስ ፕሩዌት ቤት ሄድኩኝ ሰማዩ እንደ ዳመነ።
የያዝሁት አንድ ጥያቄ፦ “ጊደሯ ጭቃ ገባች”
የሚሏት ያቺ ዜማ ከወዴት፣ ከማን መጣች?

በረንዳው ላይ ተቀምጧል፣ ቫዮሊኑ በደረቱ፤
አገጩን አያስደግፍ፣ አልለመደም ከጥንቱ።
የደጋኑን ጭራ ሙጫ እየቀባ በዝግታ፣
ውሻውን ተቆጣልኝና ጀመረ እንዲህ ጨዋታ፦

“ለቆንጆ ልጅ አባት ሞልቷል፤ ሁሉም ‘የኔ ናት’ ይላል፤
ልጅቷን ብትጠይቃት ግን እሷም ግራ ይገባታል።
‘ከስኮትላንድ ናት’ ይላሉ ከወንዙ ማዶ ያሉ፣
በመርከብ ሆድ የመጣች ከነቁንጫው ከነቅማሉ።
ሜልቪና ስቱርጊል ደግሞ፣ ‘አያቴ ነው የቀዳት፣
የወፍጮው መዘውር ሲጮህ፣ ቅባት አጥቶ ሲያቃስት።’
የከተማው መጽሐፍም አለ፣ ሽፋኑ ቀይ የሆነ፣
‘ደራሲ፦ ሆዜያ ፕሩዌት’ ብሎ አጎቴን የከፈነ።
አጎቴ፣ ፊርማው ጭረት! ደብዳቤ ሲመጣለት
እስኪነበብለት ወርዶ የሚያድር ከሰባኪው ቤት።
እሱስ መች ‘ደረስኩ’ አለ? ‘ተቀበልኩ’ ነው ያለው፤
ወንዙ የሞላ ሌሊት ጀልበኛው ኤናስ ሰጠው።”

“ኤናስስ ከማን?” አልኩት።
                    ደጋኑን አስቀመጠ፤
ወደ ገደሉ ዞሮ ዝም ብሎ አፈጠጠ።

“የባቡሩ ዋሻ ሲቆፈር፣ ተራራው በድማሚት ሲነድ፣
ኢሶም ቶሊቨር የሚሉት፣ ጥቁር፣ ረጅም እንደ ግንድ፣
ቀን ብረት ሲመታ ውሎ ማታ ማታ ይጫወታል፤
ኤናስ ጨው ሊሸጥ ሄዶ ከድንኳኑ ደጅ ሰምቷል።
አንድ ማለዳ ድንጋይ ወርዶ የግራ ትንሽ ጣቱን
ቆረጠው። ኩባንያውም ቆረጠው፣ የቀን ሒሳቡን።
በሳምንቱ ግን ኢሶም ያቺን ዜማ አነሣት፤
ትንሽ ጣት የምትነካውን ድምፅ ዘለላት፣ ተሻገራት።
እዚያ ላይ እግር ይሰናከላል፣ ጨፋሪ ቤት ይጠፋዋል፤
ጊደሯም ጭቃ የምትገባው እዚያው ላይ ይመስለኛል።

“አንዲት አስተማሪ መጣች፣ በበቅሎ መኪና ጭና፣
ድምፅን በሰም የሚቀርጽ፣ መለከት አፍ ያለውና፣
ኤናስን አስቀረጸችው። ‘ከማን ተማርክ?’ ስትለው፣
‘ከአንድ ሠራተኛ’ አላት፤ ስም አይደል፣ ዘለለችው።
ሰሙንም መስኮት ላይ ትታ ሐምሌ ፀሐይ አቀለጠው።”

ሰም ሲቀልጥ ወርቅ ይቀራል፤ አንጥረኛ ይህን አይስት፤
ግን በማን እጅ ነው የቀረ? በአራት ጣት ወይስ በአምስት?

ቫዮሊኑን ሰጠኝና ሞከርኩ። እጄ ጤነኛ ነው፤
ጣቶቼ አንድ አልጎደሉም፣ እያንዳንዱ በቦታው።
መዝለያው ዘንድ ስደርስ ግን ክፍተቱ ቅር አሰኘኝ፤
ያቺን ድምፅ መለስኳት፤ ሙሉ ሆና ጣፈጠችኝ።

አርሊስ ደጋኔን ያዘው፣ እንደ ሕፃን እጅ፣ ቀስ ብሎ።
“ተው” አለኝ፣ ከወትሮው ድምፁ ዝቅ ብሎ፤
“አትሙላት። መጽሐፍ የለው፣ ድንጋዩ ላይ ስሙ የለ፤
ኢሶም እዚያች ውስጥ ነው እንጂ ሌላ የት አለ?
እኔ፣ አጎቴ፣ ኤናስ፣ ሁላችን እጃችን ሙሉ፣
ስድሳ ዓመት ዘለልናት፣
እንዳትረግጠው፣ እያልን፣ ሰው አለ ከመሃሉ።”

ከዚያ ስለ ጉልበቱ ሕመም፣ ስለ ድንች ዋጋ አወራን፤
ውሻው እግሬ ሥር ተኛ፤ ዝናቡ መጣ፣ ተለያየን።

ማታ ቅጹን ስሞላ “ምንጭ” በሚለው መስመሩ
“ኢሶም ቶሊቨር” ብዬ ጻፍኩ፤ ይቆይ ሌላው ዝርዝሩ።
ከሥሩ “ማስረጃ” ይላል።
          ቆየሁ፣ እርሳሴን አሳርፌ፣
ጠረጴዛውን እየመታሁ፣ ትንሿን ጣቴን አጥፌ።